ወግ አጥባቂው ሴናተር፤ የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ሕይወትና የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት

በማኅበራችን የክርክር ምሽት አንድ ሰው ተከራካሪውን ዝም ለማሰኘት ሲፈልግ የሚመዝዘው አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ወግ አጥባቂ» የሚለው ነው። ቃሉ ሲወረወር አዳራሹ ያጨበጭባል፤ የተወረወረበትም ሰው ይቀመጣል። ነገር ግን ወግ አጥባቂ የተባለው ሰው የሚጠብቀው ምን እንደ ሆነ፥ የሚጠብቀውስ ለማን እንደ ሆነ፥ ሊጠብቀው የሚችለውስ በምን ኃይል እንደ ሆነ ቆመን የጠየቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአንድን ወግ አጥባቂ ሰው ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመመርመር አስቤአለሁ። ወግ አጥባቂ ሴናተር ሲባል ሐሳባችን ወዲያው ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ይሁን እንጂ አገራችን ራሷ ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ፥ የጠላት ወረራ ካቋረጠው ጊዜ በቀር፥ ሴኔት ነበራት። በዚያ ሴኔት ውስጥ ካለፉት ሰዎች ሁሉ የመኳንንቱን ወገን አቋም ከፍ አድርገው ይዘው የታወቁት ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ናቸው። የእርሳቸውን ሕይወት ካየን በኋላ ለማነጻጸር ያህል አንድ አሜሪካዊ ሴናተር እንጨምራለን፤ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዘመን የኖሩ ናቸውና። በዚህ ጽሑፍ «በፈረንጅ አቆጣጠር» ካልተባለ በስተቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የኢትዮጵያ ነው።

1ኛ፤ ስለ ቤቱ

በአማርኛ ሴኔቱ «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት» ይባል ነበር፤ ሁለተኛው፥ ማለት የሕዝብ እንደራሴዎች ቤት፥ «የሕግ መምሪያ ምክር ቤት» ይባል ነበር። ሁለቱም የተመሠረቱት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ነው። በዚያ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መወሰኛውን አባሎች የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የሚሾሙትም በመስፍንነት፥ በሚኒስትርነት፥ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ለረጅም ጊዜ ካገለገሉት መኳንንት መካከል ነበር። የመምሪያውንም አባሎች ቢሆን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በሚል ምክንያት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጧቸው ነበር።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ለመምሪያው ምክር ቤት ትልቅ ለውጥ አመጣ። እንደራሴዎቹን ሕዝብ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ፈቀደ። እርግጥ ነው ለመመረጥ የሚወዳደረው ሰው በዚያው በምርጫው ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ ስለዚህ የሌላውን መሬት የሚያርስ ጭሰኛ በሩ ተከፈተልህ ቢባልም ደጃፉን ለመርገጥ አቅም አልነበረውም። የሕግ መወሰኛው ግን እንደ ቀድሞው የሹመት ቤት ሆኖ ቀረ። የአባሎቹ ቍጥር ከእንደራሴዎቹ ቍጥር ግማሽ እንዳይበልጥ፥ የሥራ ዘመናቸውም 6 ዓመት እንዲሆን ተወሰነ፤ የሚሾሙት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበሩ።

በተግባር ሲታይ ይህ ቤት ሁለት ጥቅም ይሰጥ ነበር። አንደኛው፥ ከምርጫው ቤት የሚወጣውን ሐሳብ በእርጋታ መርምሮ ማለፍ ወይም ማዘግየት ነው። ሁለተኛው ግን በሕገ መንግሥቱ ያልተጻፈ ነው፤ ከሚኒስትርነት ወይም ከአገረ ገዥነት የተነሣ ትልቅ ሰው ሳይዋረድ የሚቀመጥበት ወንበር ሆኖ ያገለግል ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች ሴኔቱን የጡረታ ቤት ያህል ይቈጥሩት ነበር። አሥራተ ካሣ ግን ወደ ጡረታ የሚሄዱ ሰው አልነበሩም።

2ኛ፤ ትውልድና ስደት

አሥራተ ካሣ በ1910ዎቹ መጀመሪያ ተወለዱ። አባታቸው የሰላሌው ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ናቸው። ራስ ካሣ በእናታቸው በኩል የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ ስለ ነበሩ ዘራቸው ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይወጣል። ስለዚህ ለዘውዱ መብት አለኝ ለማለት ይችሉ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ዳሩ ግን መብታቸውን ትተው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ታማኝ ሆነው ኖሩ። ይህ የአባት ምሳሌ ልጁን ለመረዳት ቁልፍ ነው። ዘውድን መጠበቅ በዚያ ቤት ውስጥ እንደ ሃይማኖት የሚቈጠር ነገር ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ራስ ካሣ በሰሜን ግንባር፥ በተለይም በተምቤን፥ ከጣልያን ጋር ከተዋጉ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ወደ ስደት ሄዱ። ትንሹ ልጃቸው አሥራተም ወደ ውጭ ወጥተው በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ገቡ። ሦስቱ ታላላቅ ወንድሞቻቸው ግን በአገር ውስጥ ቀርተው በአርበኝነት ቆዩ። በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. ሦስቱም አለቁ። ደጃዝማች ወንድ ወሰን ካሣ በላስታ በኩል ተይዘው ተገደሉ፤ ደጃዝማች አበራ ካሣና አስፋ ወሰን ካሣ ደግሞ ምሕረት ይሰጣችኋል ተብለው በቃል ኪዳን ከገቡ በኋላ በፍቼ ተገደሉ።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። አንድ ወጣት በባዕድ አገር የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ወንድሞቹ በአንድ ወር ሞተው የአባቱ ቤት ወራሽ እርሱ ብቻ ሆነ። እንዲህ ያለው ሰው አሮጌውን ነገር ለመጠበቅ ቢነሣ ስለ ጥቅሙ ብቻ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የሚጠብቀው ነገር የወንድሞቹ ደም የፈሰሰበት ነው። የሰውን አቋም ከመንቀፋችን በፊት ከየት እንደ መጣ ማወቅ የሚጠቅመን ለዚህ ነው።

3ኛ፤ ከአገረ ገዥነት ወደ ሴኔት

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ አሥራተ ካሣ ገና በወጣትነታቸው ወደ አስተዳደር ሥራ ገቡ። በልዩ ልዩ ጊዜ በበጌምድር፥ በወለጋ፥ በአርሲና በሸዋ ጠቅላይ ግዛቶች በገዥነት አገለገሉ። አርሲ የባሌ ጎረቤት እንደ መሆኑ በደጋውም ሆነ በቆላው የመሬቱ ነገር ከእኛው ጋር የተያያዘ ነው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን። ከዚያም በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት፥ ቀጥሎም ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ስማቸውን በአገር ሁሉ ያስጠራው የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ሄደው ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ታኅሣሥ 4 ቀን ማታ መንግሥቱን ለመያዝ ተነሡ። ብዙ ሚኒስትሮችና መኳንንት ተይዘው ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። አሥራተ ካሣ ግን ከመያዝ አምልጠው ከጄኔራል መርዕድ መንገሻ ጋር ሆነው ለዘውዱ ታማኝ የሆነውን ወገን ከሚያደራጁት ሰዎች አንዱ ሆኑ። በዚያው ሳምንት ግርግሩ ከሸፈ፤ ነገር ግን አመፀኞቹ ከመሸሻቸው በፊት በአረንጓዴው ሳሎን ከያዟቸው ሰዎች ብዙዎቹን ገደሉ። ያ ቤተ መንግሥት ጥቂት ቈይቶ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ዛሬም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የ6 ኪሎ ግቢ ነው። ወንድሞቻችን ተማሪዎች በየቀኑ የሚያልፉበት ሥፍራ ነው።

ገርማሜ ንዋይ በአሜሪካ የተማረ፥ በወላሞና በጅጅጋ አውራጃ ገዥ በነበረ ጊዜ የመሬትን ጉዳይ ለማሻሻል የሞከረ ሰው ነበር። አሥራተ ካሣ ደግሞ በእንግሊዝ የተማሩ ነበሩ። እንግዲህ ልዩነታቸው በትምህርት ማነስና መብዛት አልነበረም። አንዱ የተማረውን ይዞ አሮጌውን ቤት ለማፍረስ ተነሣ፤ ሌላው የተማሩትን ይዘው ቤቱን ለመደገፍ ቆሙ። «ወግ አጥባቂ ማለት ያልተማረ ማለት ነው» የሚሉ ወዳጆቻችን ይህን ልብ ይበሉ።

4ኛ፤ ከሴኔት ወደ አሥመራ

በ1956 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሁለት ታላላቅ ሰዎችን አለዋወጡ። በኤርትራ እንደራሴ የነበሩት ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የሕግ መወሰኛው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ፕሬዚዳንት የነበሩት አሥራተ ካሣ ደግሞ በእርሳቸው ፈንታ ወደ አሥመራ ሄዱ። ይህ ዝውውር ስለ ቤቱ ባሕርይ ብዙ ይነግረናል። የአንድ ሕግ አውጪ ቤት አፈ ጉባኤ በአንድ ትእዛዝ ተነሥቶ አገረ ገዥ ሲሆን፥ አገረ ገዥውም በአንድ ትእዛዝ አፈ ጉባኤ ሲሆን፥ የቤቱ አባሎች በነገሩ ድምፅ አልነበራቸውም። የሴኔቱ ወንበር ከሌላው ሹመት ሁሉ የተለየ አልነበረም ማለት ነው።

ፌዴሬሽኑ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ በኤርትራ የነጻነት ግንባር የጀመረው ውጊያ እየተስፋፋ ይሄድ ነበር። አሥራተ ካሣ በደጋው የሚኖረውን የክርስቲያኑን ወገን ለመያዝ ሞከሩ፤ በእስራኤላውያን አሠልጣኞች የተደራጀ የኮማንዶ ፖሊስ ጦርም አቋቋሙ። ሆኖም በ1959 ዓ.ም. በቆላው አውራጃ በተደረገው ዘመቻ መንደሮች ተቃጥለው በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ይህ የሆነው በእርሳቸው አስተዳደር ዘመን ነው፤ የሕይወታቸውን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ሊዘለው አይገባውም።

በዋና ከተማው ደግሞ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከፀሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጋር የነበራቸው ፉክክር የታወቀ ነበር። አክሊሉ ከቄስ ቤት ተወልደው በትምህርታቸውና በሥራቸው ከፍ ያሉት የአዲሶቹ ሹማምንት አለቃ ነበሩ፤ አሥራተ የመኳንንቱ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት ንጉሠ ነገሥቱ አንዱን ወገን በሌላው እያመዛዘኑ ይገዙ ነበር። በኅዳር 1963 ዓ.ም. የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ተሾመ እርገቱ በአሥመራና በከረን መካከል ባለው መንገድ በደፈጣ በተገደሉ ጊዜ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አጋደለ። በታኅሣሥ ወር በኤርትራ በብዙው ክፍል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አሥራተ ካሣም ተነሥተው ሌተና ጄኔራል ደበበ ኃይለ ማርያም ተተኩ። ከዚያ በኋላ የዘውድ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ስሙ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ይህም ቢሆን በአንድ ሰው ፈቃድ የተንጠለጠለ ወንበር ነበር።

5ኛ፤ ከጎሮ ሲታይ

«ይህ ሁሉ ለጎሮ ልጅ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጎሮ ከሮቤ ወደ ጊኒር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ መንገደኛው የሶፍ ዑመርን ዋሻ ለማየት ሲሄድ ያልፍባታል። በጎሮ ያደግን ልጆች «ቃላድ» የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ በፊት ከአያቶቻችን አፍ ሰምተነዋል። ቃላድ የመሬት መለኪያ ጠፍር ነው። በዚያ ጠፍር የተለካው መሬት በጋሻ ይቈጠራል፤ አንድ ጋሻም 40 ሄክታር ያህል ነው። ጠፍሩ የተዘረጋበት ባላገር ለካስ የአባቱ መሬት በመዝገብ ላይ የእርሱ አልነበረም፤ ግብሩን ካልከፈለ ለመንግሥት ይሆናል፤ ከመንግሥትም ለባለ ሹመቱ ይሰጣል።

ባሌ በሐረርጌ ሥር ቆይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት የሆነችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ዋና ከተማዋም ጎባ ነበረች። ብዙም ሳይቈይ፥ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በዋቆ ጉቱና በሌሎችም መሪነት በቆላው የተነሣው አመፅ እስከ 1962 ዓ.ም. ቈየ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ የመሬት ልኬትና የግብር ክብደት፥ የሹማምንት በደል፥ ሕዝቡ በሃይማኖቱና በቋንቋው መናቁ፥ ከሶማሊያ በኩል የሚመጣው መሣሪያ ሁሉ ተደራርበው ነው። በመጨረሻ ዋቆ ጉቱ እጁን ሰጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት አገኘ። መሬቱ ግን እንደ ነበረ ቀረ።

በዚያ ዘመን የጭሰኛና የባለ መሬት ጉዳይ በሕግ እንዲስተካከል የቀረበ ሐሳብ በፓርላማው ፊት ነበር። በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው በር የተሰለፉት በዚሁ ምክንያት ነው። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ጥናት ተጠና፥ ረቂቅ ተረቀቀ። ነገር ግን ፓርላማው በ1967 ዓ.ም. እስከ ተዘጋበት ቀን ድረስ የጭሰኛው ሕግ አልወጣም። በላይኛው ቤት የተቀመጡት ባለ መሬቶች ነበሩ፤ በታችኛውም ቤት ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር። የበሬውን ዋጋ የሚቈርጠው ሥጋ ሻጩ ሆነ ማለት ነው።

ለፍርድ እንዲመች አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሰልፉ በተደረገ ጊዜ አሥራተ ካሣ በአሥመራ ነበሩ፤ በባሌም ገዥ ሆነው አያውቁም። ስለዚህ የባሌን መከራ በእርሳቸው አንገት ላይ ማሰር አይገባም። የምንናገረው ስለ ቤቱ ነው። በጎሮ ያለው ገበሬ የሚከፍለውን ግብር የሚወስነውን ሴናተር አልሾመውም፤ ሊሽረውም አይችልም ነበር። ሴናተሩም ቢሆን የገበሬውን ቅሬታ ለመስማት የሚያስገድደው ምክንያት አልነበረውም። ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ወንበሩ የመጣለት ከሌላ አቅጣጫ ስለ ሆነ ነው። በዚህ ዓይነት ሁለቱም ሳይተያዩ ኖሩ፤ ገበሬው መስማት ያለበትን ሰው ሲያጣ ወደ ጠመንጃው ሄደ።

6ኛ፤ ሌላው ሴናተር

አሁን ለማነጻጸር ወደ አሜሪካ እንሻገር። ባሪ ጎልድዋተር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1909 በአሪዞና፥ በፊኒክስ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው የታወቀ ትልቅ ሱቅ ነበረው። በ1952 ለሴኔት ተወዳድረው፥ በሴኔቱ ውስጥ የአብላጫው ፓርቲ መሪ የነበሩትን ኧርነስት ማክፋርላንድን አሸነፉ። በ1960 በስማቸው የወጣው የወግ አጥባቂነትን ሐሳብ የሚያስረዳው መጽሐፍ ዝናቸውን በአገሩ ሁሉ አሰማ። ሐሳባቸው በአጭሩ መንግሥት ይነስ፥ ግብር ይቀነስ፥ የየክፍለ ግዛቱ መብት ይጠበቅ የሚል ነበር።

በ1964 ጥቁር አሜሪካውያንን ከመድልዎ የሚጠብቀው የሲቪል መብት ሕግ ለሴኔት ሲቀርብ ጎልድዋተር ተቃወሙት። ሕጉ በ73 ድምፅ ለ27 አለፈ። በዚያው ዓመት የሪፐብሊካን ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት አቀረባቸው፤ በሊንደን ጆንሰንም ክፉኛ ተሸነፉ። ከ50ው ክፍለ ግዛት ያገኙት 6ቱን ብቻ ነው። የሴኔቱንም ወንበር ለውድድሩ ሲሉ ትተውት ስለ ነበር ምንም ሳይዙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያ ዓመት አሥራተ ካሣ ከሴኔቱ ወደ አሥመራ የሄዱበት ዓመት መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

ከ4 ዓመት በኋላ በ1968 የአሪዞና ሕዝብ ጎልድዋተርን እንደ ገና ወደ ሴኔት ላካቸው፤ እስከ 1987 መግቢያም ቈዩ። በ1998 በቤታቸው ዐረፉ። በእርሳቸው ሽንፈት ላይ የተጀመረው የወግ አጥባቂዎች እንቅስቃሴ በ1980 ሮናልድ ሬገንን ለፕሬዚዳንትነት አበቃ። እንግዲህ ጎልድዋተር ተሸንፈው ነበር፤ መሸነፋቸው ግን ለሐሳባቸው ትምህርት ቤት ሆነው። ሕዝቡ የማይቀበለው የትኛው እንደ ሆነ፥ የሚቀበለውም የትኛው እንደ ሆነ ወገናቸው ከድምፅ ቈጠራው ተማረ።

የአሜሪካንን ነገር ስናነሣ ማሞገስ ብቻ አይገባም። እስከ 1913 ድረስ የአሜሪካንም ሴናተሮች የሚመረጡት በየክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት እንጂ በቀጥታ በሕዝብ አልነበረም። በደቡቡም ክፍል ጥቁሩ ሕዝብ እስከ 1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ድረስ በልዩ ልዩ ዘዴ ከምርጫ ይከለከል ነበር፤ ስለዚህ የደቡቡ ሴናተሮች ወንበር በግማሽ ሕዝብ ዝምታ ላይ የቆመ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ይሁን እንጂ ስሕተቱ የሚታረምበት በር ከራሱ ከቤቱ ውስጥ ነበረ፤ በብዙ ትግልም ተከፈተ።

7ኛ፤ የ1967 ዓ.ም. ኅዳር

አሁን ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን እናድርጋቸው። ነሐሴ 1 ቀን 1966 ዓ.ም. ጎልድዋተር ከሁለት የፓርቲያቸው መሪዎች ጋር ወደ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ገብተው በምክር ቤቱ ውስጥ ድጋፍ እንደ ሌላቸው ነገሯቸው፤ ኒክሰንም በሁለተኛው ቀን ሥልጣን ለቀቁ። አንድ ወግ አጥባቂ ሴናተር የራሱን ወገን መሪ «በቃ» ለማለት ቻለ። በዚያው ነሐሴ በአዲስ አበባ ደርግ የዘውድ ምክር ቤቱን አፈረሰ፤ ፕሬዚዳንቱ አሥራተ ካሣ ቀደም ብለው ታስረው ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ፓርላማውም ተዘጋ። ለሴኔቱ ብሎ አንድ መንደር እንኳ አልተሰለፈም። ማንስ ይሰለፍ? የሾመው ማንም መንደር አልነበረም።

ጥቅምት 26 ቀን 1967 ዓ.ም. የአሪዞና ሕዝብ ጎልድዋተርን እንደ ገና መረጠ። በ18ኛው ቀን፥ ኅዳር 14 ሌሊት፥ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ያለ ፍርድ በጥይት ተደበደቡ። በዚያች ሌሊት የተገደሉት 60 ያህል ናቸው። ከመካከላቸው ሴኔቱን በፕሬዚዳንትነት የተለዋወጡት ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ ነበሩ፤ የፉክክራቸው ባላጋራ የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድም ነበሩ። መኳንንቱንና አዲሶቹን ሹማምንት የለየው ጥል ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተጠቀለለ። ቤተሰባቸው ለብዙ ዓመታት ታሰረ። የሟቾቹ አጽም በ1984 ዓ.ም. ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። በፓርላማ ለዓመታት የተጓተተው ነገር ከግድያው በኋላ በሦስት ወር ከጥቂት ቀን ውስጥ በአንድ አዋጅ ተፈጸመ። አዋጁን ያወጡትም ቢሆኑ በማንም አልተመረጡም፤ የሚከተሉት ዓመታት ያመጡትን ደም ሁላችን እናውቃለን።

8ኛ፤ ከዚህ የምንማረው

ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ደካማ ሰው አልነበሩም። የተማሩ፥ ደፋር፥ በ1953 ዓ.ም. ታማኝነታቸውን በሕይወታቸው ያስመሰከሩ ሰው ነበሩ። አሮጌውን ሥርዓት ለመጠበቅ ከእርሳቸው የተሻለ ሰው ሊገኝ አይችልም ነበር ለማለት ይቻላል። ታዲያ ስለ ምን አልጸናም? እንደ እኔ አስተያየት ምክንያቱ አንድ ነው፤ ሥርዓቱ የሚሸነፉበትን መንገድ አላበጀላቸውም። በምርጫ ተሸንፎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ከ4 ዓመት በኋላ ሊመለስ ይችላል። በሹመት የመጣ ግን ከሹመቱ ጋር ይወድቃል፤ ከእርሱም ጋር ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች፥ ማለት የሕግ ክብር፥ የሽምግልና ወግ፥ በቃል ኪዳን የመኖር ልማድ ሳይቀሩ አብረው ይወድቃሉ። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር፤ የማይከሰስ ንጉሥ የሾመው ሴናተርም አይከሰስም፤ የማይከሰስ ሰው ደግሞ ጥፋቱን የሚያውቀው ሲረፍድ ነው።

ይህ ትምህርት ወግ አጥባቂ ለሚባሉት ብቻ አይደለም። ለውጥ እንፈልጋለን የምንለውም ብንሆን ሐሳባችን በድምፅ ሊሸነፍ የሚችልበትን መንገድ ካላዘጋጀን የእነዚያኑ ዕጣ እንወርሳለን። በማኅበራችን ምሽት «ወግ አጥባቂ» ተብሎ የተቀመጠውን ልጅ እስኪጨርስ መስማት ከዚህ ይጀምራል። ተሸንፎ የሚመለስበት አዳራሽ ካለው በሚመጣው ወር ሐሳቡን አሻሽሎ ይመጣል፤ ከሌለው ግን ወዴት እንደሚሄድ ከባሌ ታሪክ አይተናል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

1. በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባሎችን የክልል ምክር ቤቶች ራሳቸው ሊመርጡ፥ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል? የአሜሪካ ሴኔት እስከ 1913 ከነበረው ሥርዓት ጋር አነጻጽሩ።

2. የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ1948ቱ ሕገ መንግሥት በሕዝብ እንዲመረጥ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ገርማሜ ንዋይን የመሰለ ሰው ለመመረጥ ይወዳደር ነበርን? አሥራተ ካሣስ?

3. በየቤታችሁ ካሉት ሽማግሌዎች ቃላድ በአካባቢያችሁ መቼ እንደ ተጣለና ምን እንደ ተከተለ ጠይቃችሁ ጻፉ። የሚያስታውሱት እያለቁ ስለ ሆነ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል።